ስለ ሸቀጥ ፎቶግራፍ ክብደትና ዓይነት

የንግድ ሰው ሁሉን ነገር በሚዛን የሚያይ ነው። ቡናውን በኩንታል፣ ጨርቁን በሜትር፣ ዘይቱን በሊትር፣ የመርከቡን ኪራይ በኮንቴይነር፣ የአውሮፕላኑን በኪሎ እየቈጠረ፣ በእያንዳንዱ ላይ የሚወጣውን ወጪና የሚገኘውን ትርፍ አስቀድሞ ያሰላል። ይህን ያህል ጥንቃቄ የለመደ ሰው ግን ሸቀጡን ለሩቅ ገበያ የሚያሳይበት ድረ ገጽ ባሠራ ጊዜ፣ በገጹ ላይ ስለሚወጡት ፎቶግራፎች ክብደት አንድ ቀን እንኳ ሳይጠይቅ ይቀራል። አምሯል ወይስ አላማረም ብሎ ይመለከታል፤ ስንት ይመዝናል ብሎ ግን አይመረምርም።

ፎቶግራፍም ይመዝናል። ሚዛኑ ኪሎ ሳይሆን ኪሎባይትና ሜጋባይት ነው፤ መንገዱም የባሕር ወይም የአየር ሳይሆን የስልክ መስመር ነው። የሚያስገርመው ደግሞ የዚህን ጭነት ኪራይ የሚከፍለው ላኪው ሳይሆን ተቀባዩ፣ ይኸውም ገና ዋጋ ያልጠየቀውና ገና ናሙና ያላየው ደንበኛ መሆኑ ነው። ደንበኛው በሜጋባይት ቈጥሮ ከገዛው ጥቅል ላይ ይቀነስበታል፤ ከገንዘቡም በላይ ጊዜው ይባክንበታል። እንዲህ ያለው አሠራር ገበያተኛውን ከሱቁ ደጃፍ አቁሞ የመግቢያ ዋጋ እንደ መጠየቅ የሚቈጠር ነው። ስለዚህ የፎቶግራፍ መጠንና ዓይነት ምርጫ ለድረ ገጽ ሠሪው ብቻ የሚተው ሥራ ሳይሆን፣ የንግድ ቤቱ ባለቤት ራሱ ሊወስንበት የሚገባ የንግድ ጉዳይ ነው።

ነገሩን በቁጥር መመልከት ይበጃል። ዛሬ በየሰው እጅ ያለው ስልክ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣው ፎቶግራፍ በአግድም 4000፣ በቁመት 3000 ያህል ነጥቦች ያሉት ነው። እነዚህ ነጥቦች ፒክሰል ይባላሉ። ሁለቱ ቁጥሮች ሲባዙ 12 ሚሊዮን ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ቀለም መጠን የሚመዘገብበት ሦስት ባይት ያስፈልጋልና፣ ፎቶግራፉ ሳይጨመቅ ቢቀመጥ ኖሮ 36 ሜጋባይት በመዘነ ነበር። ስልኩ ራሱ ጨምቆ ወደ 3፣ ወደ 4 ወይም ወደ 5 ሜጋባይት ያወርደዋል። ባለ ሱቁ ይህንኑ እንዳለ ወስዶ በድረ ገጹ ላይ ያወጣዋል።

ይህን ፎቶግራፍ የሚመለከተው ደንበኛ የያዘው ስልክ ደግሞ የመስተዋቱ ስፋት ብዙውን ጊዜ 1080 ነጥብ ነው። ከዚያ በላይ የመጣውን ሁሉ ስልኩ ከተቀበለ በኋላ አሳንሶ ትርፉን ይጥለዋል። በአግድም 1200፣ በቁመት 900 ነጥብ ያለው ፎቶግራፍ ጠቅላላ ነጥቡ 1 ሚሊዮን ከ80 ሺህ ብቻ ነው፤ ይህም ከፊተኛው ከዐሥራ አንዱ እጅ አንዱ ያህል መሆኑ ነው። ሆኖም በዚያ ስልክ መስተዋት ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቀርቡ፣ ካላጐሉት በቀር፣ ልዩነታቸውን የሚያውቅ ዐይን በብርቱ ፍለጋ የሚገኝ ነው። ዐሥራ አንድ ኮንቴይነር ኪራይ ተከፍሎባቸው ጅቡቲ ደርሰው፣ ሲከፈቱ ዐሥሩ ባዶ ሆነው ቢገኙ፣ የትኛው ነጋዴ ዝም ብሎ ያልፋል?

አንድ ገጽ ዐሥራ ሁለት ሸቀጦችን የሚያሳይ ቢሆን፣ የእያንዳንዱም ፎቶግራፍ 4 ሜጋባይት ቢመዝን፣ ጠቅላላው 48 ሜጋባይት ይሆናል። መስመሩ በሴኮንድ 4 ሜጋቢት የሚያስተላልፍለት ደንበኛ (አንድ ባይት ስምንት ቢት መሆኑን ልብ ይሏል) ይህን ገጽ ሙሉ በሙሉ ለማየት 96 ሴኮንድ፣ ማለትም ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ መቆየት ይኖርበታል። ዐሥራ ሁለቱ ፎቶግራፎች በልካቸው ተሠርተው እያንዳንዳቸው 150 ኪሎባይት ቢሆኑ ግን ጠቅላላው 1.8 ሜጋባይት ነው፤ በዚያው መስመር 3.6 ሴኮንድ ይበቃዋል። ጉግል የተባለው የፍለጋ ድርጅት የአንድ ገጽ ዋናው ነገር በ2.5 ሴኮንድ ውስጥ ከታየ መልካም፣ ከ4 ሴኮንድ ካለፈ ደካማ ብሎ ይመድባል፤ ይህንንም መለኪያ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገጾችን በፍለጋ ውጤት ላይ ቅደም ተከተል ለማስያዝ ከሚመለከታቸው ነገሮች አንዱ አድርጎታል። እንግዲህ ክብደት የደንበኛን ትዕግሥት ብቻ ሳይሆን ደንበኛው ሱቁን የሚያገኝበትን መንገድ ጭምር የሚነካ ሆነ ማለት ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአምስተኛውን ትውልድ መስመር በሙከራ ጀምሯል፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በዋና ከተማይቱ ሥራውን ከፍቷል፤ መስመሩ ካደገ የፎቶግራፍ ክብደት ለምን ያሳስባል? የሚሉ ብዙዎች ናቸው። የመስመሩ ማደግ የማይካድ ነው። ነገር ግን ደንበኛ ሁሉ በአንድ ስፍራ ተቀምጦ አይገዛም። መርካቶ ውስጥ በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ያለ አከፋፋይ፣ ከክፍለ ሀገር አውቶቡስ ላይ ሆኖ ዋጋ የሚያነጻጽር ባለ ሱቅ፣ በውጭ አገር በእንግድነት መስመር የሚጠቀም ቡና ገዢ፣ ሦስቱም ፈጣን የሚባለው መስመር በሚደክምበት ሥፍራ ያሉ ናቸው። ፈጣን መስመርም ቢሆን የጥቅሉን ሜጋባይት ቶሎ ይጨርሰዋል እንጂ አያበዛውም። መንገድ ተስፋፋ ተብሎ በባዶ ካርቶን የተሞላ መኪና አይላክም።

ከመጠን ቀጥሎ የሚመጣው የዓይነት ምርጫ ነው። ይህ ጉዳይ በብዙ ንግድ ቤቶች ዘንድ ጨርሶ የማይታወቅ በመሆኑ ሰፋ አድርጎ መመልከት ያሻል።

ከሁሉ የተለመደው ጄፔግ የተባለው ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. ደንብ ሆኖ የወጣ ሲሆን ለፎቶግራፍ ተብሎ የተሠራ ነው። አሠራሩም ፎቶግራፉን በአግድም ስምንት በቁመት ስምንት ነጥብ ወደ ሆኑ ትንንሽ ጓዶች ከፍሎ፣ በእያንዳንዱ ጓዳ ውስጥ የሰው ዐይን እምብዛም የማይለየውን ጥቃቅን ለውጥ መጣል ነው። ምን ያህል እንደሚጣል የሚወስነው ፎቶግራፉን የሚያስቀምጠው ሰው ነው፤ በአብዛኞቹ ፕሮግራሞች ላይ ከ0 እስከ 100 የሚደርስ የጥራት ቁጥር አለ። ከ75 እስከ 85 ያለው ለሸቀጥ ፎቶግራፍ ይበቃል። 100 ላይ ማስቀመጥ ክብደቱን ብዙ እጥፍ ይጨምራል እንጂ ገዢው የሚያየው ነገር የለም፤ ነገር ግን 100 የሚለው ቁጥር ለጆሮ ደስ ስለሚል ብዙ ሰው ይመርጠዋል። ሌላም የሚጠነቀቁበት ነገር አለ። ጄፔግ በተከፈተ፣ በተስተካከለና እንደ ገና በተቀመጠ ቁጥር ጥቂት ይጥላል፤ ስለዚህ ማስተካከል የሚገባው ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ቅጂ እየተነሡ ነው።

ጄፔግ ለጽሑፍ አይመችም። ጥቁር ፊደል በነጭ ወረቀት ላይ ሲሆን፣ ጥላ የመሰለ ቆሻሻ በፊደሉ ዙሪያ ይረጫል። ይህ ጕዳት ለአማርኛ ፊደል የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ካዕብና ሣልስ የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥል ብቻ ስለሆነ፣ ያቺ ቅጥል ከደበዘዘች ቃሉ ሌላ ሆኖ ይነበባል። የዋጋ ዝርዝርን በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ በድረ ገጽ ላይ መለጠፍ በየገበያው የሚታይ ልማድ ነው፤ ልማዱም መቅረት ያለበት ነው። በፎቶግራፍ ውስጥ የታሰረ ስልክ ቁጥር ቢጫኑት አይደውልም፤ ዋጋው በተለወጠ ጊዜ ሁሉ እንደ ገና ፎቶግራፍ ማንሣት ይጠይቃል፤ ዐይነ ስውር የሆነ ደንበኛም በስልኩ አስነብቦ ሊሰማው አይችልም። ጽሑፍ በጽሑፍነቱ ቢጻፍ ጥቂት ኪሎባይት እንኳ አይሞላም።

እንደ ንድፍ፣ እንደ ሠንጠረዥ፣ እንደ ማኅተም ላለው፣ ዳርቻው ጥርት ያለ እንዲሆን ለሚፈለገው ሥዕል የተመቸው ፒኤንጂ የተባለው ዓይነት ነው። ይህ ምንም የማይጥል፣ የገባበትን ነጥብ ሁሉ እንዳለ የሚመልስ፣ ከጀርባው ያለው ቀለም አልፎ እንዲታይም ማድረግ የሚቻልበት ነው። የተወለደበትም ታሪክ ለነጋዴ ሳይጠቅም አይቀርም። በ1987 እ.ኤ.አ. ኮምፑሰርቭ የተባለው ኩባንያ ያወጣው ጊፍ የተሰኘ ዓይነት ለብዙ ዓመታት በነጻ ሲሠራበት ከቈየ በኋላ፣ በውስጡ ያለው የመጨመቂያ ዘዴ የዩኒሲስ ኩባንያ የፈጠራ መብት መሆኑ በ1994 መጨረሻ ተነገረና ክፍያ ተጠየቀበት። ባለሙያዎችም ተሰብስበው ማንም ክፍያ የማይጠይቅበትን ፒኤንጂን ሠሩ፤ በ1996ም ደንቡ ወጣ። ጊፍ ከ256 ቀለም በላይ መያዝ ስለማይችል ለሸቀጥ ፎቶግራፍ ፈጽሞ አይሆንም።

ፒኤንጂ ምንም አይጥልም ከተባለ ለምን ሁሉም ፎቶግራፍ በእርሱ አይቀመጥም? የሚል ሊኖር ይችላል። መልሱ እዚያው ነው፤ ምንም ስለማይጥል ክብደቱ ከጄፔጉ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። የጫማ ወይም የበርበሬ ፎቶግራፍ በፒኤንጂ የተቀመጠበት ገጽ ቢገኝ፣ ሠሪው ወጪው በማን ላይ እንደሚወድቅ ያላሰበ ነው ማለት ይቻላል።

የንግድ ምልክት ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። ለእርሱ የሚስማማው ኤስቪጂ ይባላል፤ ነጥብ በነጥብ የተሣለ ሳይሆን መሥመሩና ቅርጹ በስሌት የተጻፈ በመሆኑ፣ በስልክ ላይም ቢያንስ በኤግዚቢሽን ሰሌዳ ላይም ቢሰፋ አይደበዝዝም። ምልክቱን ለሚሥለው ባለሙያ ገንዘብ ሲከፈል ይህ ቅጂ አብሮ እንዲሰጥ መጠየቅ ይገባል። ካልተጠየቀ አብዛኛውን ጊዜ አይሰጥም፤ በኋላ ሲፈለግም ሠዓሊው አይገኝም።

ወደ አዲሶቹ ዓይነቶች ስንመጣ ዌብፒ በ2010 እ.ኤ.አ. ከጉግል የወጣ ነው። ባለቤቱ ራሱ በለካው መሠረት ተመሳሳይ መልክ ካለው ጄፔግ ከ25 እስከ 34 በመቶ ይቀልላል። የአፕል ስልኮች እስከ 2020 ድረስ አይከፍቱትም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች፣ ማለትም የድረ ገጽ መክፈቻ ፕሮግራሞች፣ ሁሉ ይቀበሉታል። አቪፍ የተባለው በ2019 ወጥቶ ከዌብፒም ይበልጥ የሚጨምቅ ነው፤ ነገር ግን ለመሥራት ጊዜ ይወስዳል፤ በቈዩ ስልኮችም ላይ አይከፈትም። ድረ ገጹ ዌብፒን አስቀድሞ እንዲያቀርብ፣ ያንን የማይከፍት ስልክ ለመጣበት ደግሞ ጄፔጉን እንዲሰጥ ተደርጎ ሊሠራ ይችላል፤ ለአብዛኛው ንግድ ቤት የሚበጀውም ይህ ነው። ለውጭ አገር ገዢ በኢሜይል የሚላከው ግን አሁንም ጄፔግ ይሁን። ገዢው ፎቶግራፉን በራሱ የጽሕፈት ሥራ ውስጥ አስገብቶ ለአለቃው ሊያሳይ ይፈልጋልና፣ የማይከፈት ነገር መላክ በር ዘግቶ እንደ መጋበዝ ይሆናል። በዚሁ ምክንያት ብዙዎቹ የአፕል ስልኮች ከ2017 ጀምሮ ያለ ትእዛዝ የሚያስቀምጡበት ሄይክ የተባለው ዓይነት፣ ከአፕል ውጪ ያሉት ዋና ዋና ብራውዘሮች የማይከፍቱት ስለሆነ፣ ወደ ጄፔግ ሳይለወጥ መውጣት የለበትም።

እስከዚህ የተባለው ለማንኛውም ሸቀጥ የሚሆን ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ሸቀጥ የራሱ ጠባይ አለው፤ ለአንዱ የበጀው ለሌላው ሊጐዳ ይችላል። ለዚህም የሽሮ ሜዳው የባህል ልብስ ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ነው።

ጄፔግ ክብደት ለመቀነስ ከሚጠቀምባቸው ዘዴዎች አንዱ፣ የሰው ዐይን ከቀለም ይልቅ ብርሃንና ጨለማን አጥርቶ እንደሚያይ በማወቅ፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ ብርሃኑን ሲመዘግብ ቀለሙን ግን ለአራት ነጥብ አንድ ጊዜ ብቻ መመዝገቡ ነው። ለመኪና ጎማ ወይም ለስኳር ጆንያ ይህ ምንም አያመጣም። የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ግን ከነጭ ጥጥ ላይ የተጠለፈ ቀጭን ቀይ፣ አረንጓዴና ወርቃማ ክር ነው። ቀለሙ ለአራት ነጥብ አንድ ጊዜ ሲመዘገብ፣ የቀዩ ክር ቀለም ወደ ነጩ ጥጥ ይፈስሳል፤ ሁለት ቀጭን ክሮች ጎን ለጎን ሲሆኑም አንድ ደብዛዛ መሥመር ይሆናሉ። በዋሽንግተን ወይም በሌላ የውጭ ከተማ ሆና ለሠርግ የሚሆን ቀሚስ የምትመርጥ ኢትዮጵያዊት የምትከፍለው ለጥለቱ ነው፤ እርሱንም አጥርታ ካላየች ወይ አትገዛም፣ ወይ ገዝታ ሲደርሳት «እኔ ያየሁት ሌላ ነው» ብላ ትመልሳለች። የመልሱ የአውሮፕላን ኪራይ ከቀሚሱ ትርፍ ሊበልጥ ይችላል።

ስለዚህ ለጥለት ሥራ ሁለት ዓይነት ፎቶግራፍ መዘጋጀት አለበት። የቀሚሱን ሙሉ ቁመት የሚያሳየው እንደ ማንኛውም ሸቀጥ በልኩ ይሠራ። ጥለቱን ብቻ ከቅርብ የሚያሳየው ግን በአግድም እስከ 2000 ነጥብ ያለው ሆኖ፣ ፕሮግራሙ ቀለሙን ለእያንዳንዱ ነጥብ እንዲመዘግብ ታዝዞ ይቀመጥ፤ ይህ ትእዛዝ በፕሮግራሞቹ ላይ አራት፣ አራት፣ አራት ተብሎ በቁጥር የሚጻፈው ነው። ተራው ዌብፒ ይህን ማድረግ ስለማይችል ለዚህ ሥራ በጥንቃቄ የተሠራ ጄፔግ ወይም አቪፍ ይሻላል። ፎቶግራፉ ከባድ ይሆናል፤ ነገር ግን ደንበኛዋ ራሷ ስትጫነው ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ የምትከፍለው ለፈለገችው ነገር ነውና ቅሬታ የለውም። ክብደት ሁሉ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ ያልተጠየቀውን ክብደት መጫን ነው።

የቡና ላኪ ጭንቀት ደግሞ ሌላ ነው። መቼም ጥሬ ቡናን በፎቶግራፍ ብቻ የሚገዛ ሰው የለም፤ ገዢው ናሙና ያስመጣል፣ ይቈላል፣ ይቀምሳል። ነገር ግን ከብዙ ላኪዎች መካከል ናሙና የሚጠይቀው ከማን እንደሆነ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ባየው ነው። የታጠበ አዲስ ምርት ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ መልክ አለው፤ የቈየው ይገረጣል፣ ወደ ቢጫም ያደላል። እንግዲህ የይርጋ ጨፌ ወይም የጉጂ አዲስ ምርት ቢጫ አምፖል ከበራበት መጋዘን ውስጥ ቢነሣ፣ አዋቂው ገዢ ያምናውን ቡና ያየ ይመስለዋል።

ብርሃኑ ቢስተካከልም እንኳ የፎቶግራፉ ዓይነት ቀለሙን ሊለውጠው ይችላል። የአፕል ስልኮች ከ2016 ጀምሮ ፎቶግራፍ የሚያነሡት ከተለመደው በሰፋ የቀለም ክልል ነው፤ ቀለሙ እንዴት ይነበብ የሚለውም ማስታወሻ ከፎቶግራፉ ጋር ተያይዞ ይቀመጣል። አንዳንድ ማሳነሻ ፕሮግራም ክብደት ለመቀነስ ሲል ያንን ማስታወሻ ቈርጦ ይጥላል፤ በዚያን ጊዜ ቀለሙ ደብዝዞ ይታያል። መድኃኒቱ ማስታወሻው ከመቈረጡ በፊት ፎቶግራፉን ኤስ አርጂቢ ወደሚባለው የተለመደ የቀለም ክልል መለወጥ ነው። ለቻይናና ለእስራኤል ሰሊጥ የሚልክ ነጋዴም፣ የሁመራ ሰሊጥ በንጣቱ የሚፈለግ ነውና፣ ይህን ነገር እንደ ቀላል አይመልከተው።

ከፎቶግራፉ ጋር ተያይዞ የሚሄደው የቀለም ማስታወሻ ብቻ አይደለም። ስልኩ እንዲመዘግብ ከተፈቀደለት፣ ፎቶግራፉ የተነሣበትን ቀንና ሰዓት፣ ቦታውንም በኬንትሮስና በኬክሮስ ለይቶ ይጽፋል። ውድ ዕቃ ያለበትን መጋዘን አድራሻ ሳያውቅ ለማንም የሚናገር ነጋዴ እንዳይሆን፣ ይህ መረጃ ከመውጣቱ በፊት መጥፋት አለበት። የቦታው ይጥፋ፤ የቀለሙ ይቈይ። ሁለቱን ለይቶ ማጥፋት የሚችል ፕሮግራም መምረጥ ነው።

አሁን ደግሞ በከተማው ውስጥ በየቀኑ ወደሚፈጸመው ነገር መመለስ ይገባል። ድረ ገጽ የሚሠራው ወጣት ለነጋዴው ስልክ ይደውልና፣ «ጋሼ፣ ፎቶዎቹን በቴሌግራም ይላኩልኝ» ይለዋል። ነጋዴውም «እሺ ልጄ፣ አሁኑኑ» ብሎ በተለመደው መንገድ ይልካል። ቴሌግራም ግን በፎቶግራፍነት የተላከለትን በራሱ ሥልጣን አሳንሶና ጨምቆ ነው የሚያደርሰው። ወጣቱ ይህን የቀጠነ ፎቶግራፍ ተቀብሎ፣ በገጹ ራስጌ ላይ ከዳር እስከ ዳር እንዲሞላ ይለጥጠዋል፤ ጄፔግ አድርጎም እንደ ገና ይጨምቀዋል። ወጡን ውኃ ቢያበዙበት ሥጋው አይጨምርም። የተጣለ ነጥብ በመለጠጥ አይመለስም፤ ደንበኛው የሚያየው በጭጋግ ውስጥ ያለ ሸቀጥ ይሆናል። እዚያው ቴሌግራም ላይ ፎቶግራፉን በፋይልነት መላክ የሚባል ምርጫ አለ፤ በእርሱ ሲላክ ምንም ሳይነካ ይደርሳል። ማሳነስ የሚገባው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከመጀመሪያው ቅጂ ተነሥቶ፣ በሚታወቅ ልክ ነው።

ልኩስ ምን ያህል ነው? ለገጹ ራስጌ በአግድም ከ1600 እስከ 1920 ነጥብ፤ ክብደቱ ከ250 ኪሎባይት ባያልፍ። ለአንድ ሸቀጥ ዋና ፎቶግራፍ 1200 ነጥብ፤ ከ100 እስከ 200 ኪሎባይት። በዝርዝር ገጽ ላይ ተደርድረው ለሚታዩት ትንንሾች 400 ነጥብ፤ ከ40 ኪሎባይት ያልበለጠ። እነዚህ ቁጥሮች ሕግ አይደሉም፤ ጥለት ሻጩና ጎማ ሻጩ ከመካከላቸው ወደየራሳቸው ሊያዘነብሉ ይችላሉ። አንድ ፎቶግራፍ በሦስት ልክ ተዘጋጅቶ፣ የደንበኛው ስልክ ለመስተዋቱ የሚስማማውን ራሱ መርጦ እንዲወስድ ማድረግ ከተቻለ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ዎርድፕረስ በሚባለው ፕሮግራም የተሠሩ ገጾች እነዚህን ልዩ ልዩ ልኮች ራሳቸው ያዘጋጃሉ፤ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህም ከ2560 ነጥብ የሚበልጠውን አሳንሰው ያቀርባሉ። ነገር ግን ፕሮግራሙ ያዘጋጀውን ገጹ ይጠቀምበታል ማለት አይደለም፤ ሠሪው በግዴለሽነት ትልቁን ብቻ አዝዞ ሊገኝ ይችላል።

በመሆኑም እነዚህ ነገሮች በውል ውስጥ ቢገቡ ይሻላል። አሁን በአብዛኛው የሚደረገው ውል የገጹን ብዛት፣ የሚጠናቀቅበትን ቀንና የገንዘቡን መጠን ብቻ የሚናገር ነው። በዚያ ላይ የእያንዳንዱ ገጽ ጠቅላላ ክብደት ከስንት ሜጋባይት እንደማይበልጥ፣ ደንበኛው ገና ያልደረሰባቸው የታችኞቹ ፎቶግራፎች ወደ እነርሱ ሲደርስ ብቻ እንዲመጡ፣ የእያንዳንዱም ፎቶግራፍ ቁመትና ስፋት አስቀድሞ በገጹ ውስጥ እንዲጻፍ ቢጨመርበት ለሁለቱም ወገን ጥራት ነው። የመጨረሻው ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ካልተጻፈ ግን ፎቶግራፉ ዘግይቶ ሲመጣ ጽሑፉን ወደ ታች ይገፋዋል፤ «ዋጋ ጠይቅ» የሚለውን ሊጫን የነበረ ደንበኛም ሌላ ነገር ይጫናል። ሥራው ሲያልቅ ርክክቡ በቢሮው ውስጥ ባለው ፈጣን መስመር ሳይሆን፣ በተራ ስልክና በተራ ጥቅል ተከፍቶ እየታየ ይሁን። ፔጅ ስፒድ ኢንሳይትስ የተባለው የጉግል መመርመሪያም ገንዘብ የማይጠይቅ ስለሆነ፣ የገጹን አድራሻ አስገብቶ የትኛው ፎቶግራፍ እንደከበደ ማንም ሊያይበት ይችላል።

ገጹን ቀደም ብሎ ያሠራ ንግድ ቤት ሁሉን አፍርሶ እንደ ገና መጀመር አያስፈልገውም። ስኩሽ የተባለ፣ በብራውዘር ውስጥ የሚሠራና ክፍያ የሌለው መሣሪያ አለ፤ ፎቶግራፉን ወደ ሌላ ቦታ ሳይልክ እዚያው በኮምፒዩተሩ ላይ ያሳንሳል፤ ከመጨመቁ በፊትና በኋላ ያለውን መልክም ጎን ለጎን ያሳያል። ኮምፒዩተር የለመደ የቢሮ ጸሐፊ አርባ ያህል ፎቶግራፎችን በአንድ ቀን ሥራ በልካቸው አድርጎ ሊጨርስ ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ቅጂዎች ግን አይጣሉ፤ በሸቀጡ ስምና በምርቱ ዘመን እየተሰየሙ በሁለት ቦታ፣ አንዱ ከቢሮው ውጪ፣ ይቀመጡ። ለካታሎግ ማተሚያ ቤቱ የሚጠይቀው ያንን ትልቁን ነው፤ በድረ ገጽ ልክ የተሠራው 1200 ነጥብ ፎቶግራፍ በጥሩ ኅትመት ከ10 ሴንቲ ሜትር ጥቂት በላይ ብቻ ይሸፍናል።